የተዘጋው አሸዋና የሸሸው ዓሣ፦ በሰሜን ባሕር የተሰመረው መስመር ይነሣ ወይስ ይጽና?

አወያይ፦ በብዕር ስም ለሚከራከሩት ተወያዮቻችን የቀረበው የዛሬው ጥያቄ በሰሜን ባሕር «የፕሌስ ሣጥን» የሚባለውን ክልል ይመለከታል። ፕሌስ በባሕር ወለል ላይ የሚኖር ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ጨቅላዎቹ ሳያድጉ በመረብ እንዳያልቁ በ1989 እ.ኤ.አ. (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ጠረፍ ሰፊ ባሕር ተከለለ፤ ሞተራቸው ከ300 የፈረስ ጉልበት የሚበልጥ መርከቦችም ወለሉን በሚጠርግ መረብ እንዳያጠምዱበት መጀመሪያ ለዓመቱ ከፊል፣ ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቹ ጨቅላዎች ክልሉን ለቀው ወደ ጥልቁ ሄዱ። መስመሩ ይነሣ ወይስ ይጽና?

መርከበኛው፦ መርከበኛነቴ በስም ብቻ ነው፤ የምኖረው ግን ሆላንድ ስለሆነ የአጥማጆቹን ሙግት በቅርብ ሰምቻለሁ። መስመሩ ይነሣ እላለሁ። ዓሣው የሌለበትን አሸዋ መጠበቅ ከብቱ የወጣበትን በረት እንደ መጠበቅ ነው። በዚያ ላይ ትንንሽ ጀልባዎችና ሽሪምፕ አጥማጆች በክልሉ ውስጥ ስለሚሠሩ ወለሉ ከመረብ ያረፈበት ጊዜ የለም። አጥማጆቹ አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ መረቡ አሸዋውን ሲያርሰው ፕሌስ የሚመገባቸው ትሎች ይበዛሉ፤ መሬቱ ጦም ሲያድር ግን ምግቡ ይቀንሳል።

የባሕር ዛፍ፦ ወንድሜ፣ የበረቱ ምሳሌ ያማረ ቢሆንም ለዚህ ዓሣ አይስማማም፤ ፕሌስ በዕድሜው ሙሉ አንድ በረት ኖሮት አያውቅምና። እናቲቱ በክረምት ከጠረፍ ርቃ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጮቹ በውሃው ፍሰት ተወስደው በእነዚሁ ሦስት አገሮች ጠረፍ ወዳለው ጥልቀት የሌለው የዋደን ባሕር ዳርቻ ይደርሳሉ፤ በዚያም ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ገላቸውን ሊቀብሩበት በሚችሉት ደቃቅ አሸዋ ላይ ያርፋሉ። ካደጉ በኋላ ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። የዓሣው መጠን ከውሃው ጥልቀት ጋር አብሮ እንደሚጨምር ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ሃይንከ በ1913 ስላስረዳ ነገሩ እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። አሁን የተለወጠው ጉዞው ሳይሆን ጊዜው ነው፦ ገና የተወለዱት ዛሬም በዳርቻው ያድጋሉ፤ ቀደም ብለው የሚለቁት አንድ ዓመት የሞላቸው ናቸው። ውሃው ሞቋል። ከ1980 እስከ 2004 ባለው ጊዜ በሰሜን ባሕር ወለል የሚኖሩ ዓሦች በጥቅሉ በየዐሥር ዓመቱ 3.6 ሜትር ያህል ወደ ጥልቁ መውረዳቸው ተለክቷል።

መርከበኛው፦ ታዲያ ለእኔ መሰከሩልኝ እኮ! ሙቀት የሚገፋውን ዓሣ በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር አያስቆመውም።

ነገር በምሳሌ፦ ሁለታችሁም የምትናገሩት ስለ አሸዋ ብቻ ነው። በአሜሪካ ከቦስተን በስተምሥራቅ ያለውን፣ የጆርጅስ ባንክ የሚባለውን ከባሕር በታች ያለ ከፍ ያለ ወለል ተመልከቱ። ኮድ የሚባለው ዓሣ ጨቅላ በባንኩ በብዙ ቦታ ይሰፍራል፤ በሐምሌ መጨረሻ ግን በብዛት የሚገኘው በሰሜን ምሥራቁ ጠርዝ ባለው ጠጠር ላይ ነው፤ ቀለሙ ከጠጠሩ ጋር ስለሚመሳሰል ከአዳኝ ይሰወራል። በሌላው ወለል ላይ የሰፈረው በአብዛኛው ተበልቶ እንደሚያልቅ ይገመታል። በጠጠሩ ላይ የሚበቅሉት ትንንሽ ፍጥረታት መሸሸጊያም የምግብ ምንጭም ናቸው፤ ከባድ መረብ አንድ ጊዜ ከጠረጋቸው ለመመለስ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ የእርሻው ሙግት፣ ማዕበል ዘወትር በሚያገላብጠው አሸዋ ላይ ጥቂት ሚዛን ቢኖረው እንኳ፣ ጠጠር ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ጠጠር ታርሶ አያፈራም።

መርከበኛው፦ እዚያ በ1994 ሰፊ ክልል ተዘግቶ ሳለ ኮዱ መቼ አገገመ?

ነገር በምሳሌ፦ ኮዱ አላገገመም፤ ይህን አልክድም። የኮድ ዘመድ የሆነው ሀዶክና ስካሎፕ የሚባለው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ግን በርክተው ነበር። ወለሉ ደኅና ሆኖ ውሃው ከሞቀ ወይም ዓሣው ከክልሉ ውጭ ያለ ልክ ከተጠመደ ኮድን ጠጠር ብቻውን አያድነውም። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ቦታ ሊለውጥ ይችላል፤ ጠጠሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም፤ ጠጠር የሚፈልግ ጨቅላም ሌላ ጠጠር ከሌለ የት ይሄዳል? በዚያ ዓይነት ወለል ላይ መስመሩ ቋሚ ይሁን፤ በሰሜን ባሕር አሸዋ ላይ ግን ጨቅላውን እየተከተለ ይንቀሳቀስ።

መርከበኛው፦ በጠጠሩ ጉዳይ ተረትቻለሁ። የሚንቀሳቀሰው መስመር ግን ያሠጋኛል፤ ጨቅላው በየዓመቱ የት እንዳለ ማን ፈልጎ፣ በማን ወጪ ይነግረናል?

የባሕር ዛፍ፦ የሆላንድ ተመራማሪዎች ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ የዳርቻውን ጨቅላ በትንሽ መረብ እየያዙ ይቆጥራሉ። ዓሣው መሸሹን እርስዎም እኔም ያወቅነው ከእንዲህ ያለው ቆጠራ ነው።