የ4 ዓመት ልጆች ልፊያ፦ ይከልከል ወይስ ይተው?

ጥቁር_ሰሌዳ፦ ሰላም ለቤቱ። አፀደ ሕፃናት ውስጥ የ4 ዓመት ልጆች እረፍት ላይ ይላፋሉ። ሲጣጣሉ፣ ሲሳሳቁ ቆይተው ድንገት አንዱ ያለቅሳል። ወላጆች "አስቁሙልን" ይላሉ። መከልከል ያዋጣል? ሌሎች እቃቃ ሲጫወቱ እየመጣ የሚበትንባቸው ልጅም አለ።

እርሳስና_ላጲስ፦ አትከልክሉ፤ መጀመሪያ ልፊያን ከጠብ ለዩ። እጃቸውን እዩ፦ ሲላፉ መዳፍ ክፍት ነው፣ ሲጣሉ ይጨበጣል። በልፊያ ጉልበተኛው ሆን ብሎ ይወድቃል፣ አባራሪና ተባራሪ ይቀያየራሉ፣ ሲያበቃም አይለያዩም። ከሩቅ የሚታይ ምልክትም አለ፦ ጠብ ከሆነ ሌሎቹ ከበው ያያሉ፤ ልፊያን ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ወደ ጠብ የሚዞረው ቦታ ሲጠብ፣ ሲርባቸው ወይም ሲደክማቸው ነው። ከሲሚንቶው ወደ ሳር ወይም ፍራሽ አውጧቸው። ሕጉ አንድ ብቻ ይሁን፦ "በቃ" ከተባለ እጅ ከጓደኛ ላይ ይነሳል።

የቡና_ረከቦት፦ የሚበትነው ልጅ ብዙ ጊዜ መጫወት ፈልጎ አገባቡ የጠፋው ነው። "አብሬያችሁ ልጫወት?" ብሎ መጠየቅ አያዋጣውም፤ "እምቢ" ይሉታል። 1 ደቂቃ ያህል አብራችሁት ቆማችሁ ጨዋታውን ይይ። ቡና እያፈሉ ከሆነ ቅጠል ለቅሞ እንደ ቄጠማ ይጎዝጉዝላቸው፤ ቀጥሎ "እኔ እንግዳ ልሁን" ይበል። እንግዳ ደግሞ አይባረርም!

ከተማታ የተመታውን ቀድማችሁ አባብሉ። ለመቺው ዝቅ ብላችሁ ባጭሩ፦ "መምታት የለም። 'ስጠኝ' በል።" "ማን ጀመረ?" የሚለውን ምርመራ ተዉት፤ ውሸት ከማለማመድ በቀር ፋይዳ የለውም።

ጥቁር_ሰሌዳ፦ አኩኩሉስ? 15 ልጆች ናቸው።

እርሳስና_ላጲስ፦ ጨዋታው ግሩም ነው። የተደበቀው "አልነጋም" እያለ ሳቁን መያዝ አለበት፤ ፈላጊውም "ነጋ" እስኪባል ዓይኑን አይገልጥም። ራስን መግዛት የሚለመደው እንዲህ ነው። 15 ግን ይበዛል፣ ተራ የሚጠብቀው ሰልችቶት መገፋፋት ይጀምራል። በ5 በ5 ክፈሏቸው። የሚበላሉበት ብይ ለጊዜው ይቆይ፤ ብዩን የተበላ ልጅ በዚህ ዕድሜ ዝም አይልም።

የቡና_ረከቦት፦ አንድ ልጨምር። መማታት የሚብሰው ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ ነው፣ አንደበታቸው ሲፈታ ይቀንሳል። በ4 ዓመቱም ካልቀነሰና ንግግሩ ከእኩዮቹ ወደኋላ ከቀረ፣ "ባለጌ ነው" ከማለት በፊት ጆሮው ይመርመር። "በቃ" ሲሉት እየሰማ ላይሆን ይችላል።