ቀመሩን እየሠሩ ጽንሰ ሐሳቡን የማይረዱ ተማሪዎች

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር

ተማሪዎቼ በኒውተን ሁለተኛ ሕግ አክስለሬሽን (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን) ለማስላት እምብዛም አይቸገሩም። ይሁን እንጂ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ከእጅ ከወጣ በኋላ ምን ምን ኃይል እንደሚያርፍበት ስጠይቃቸው፣ አብዛኞቹ የመሬት ስበትን ከጠቀሱ በኋላ «የእጅ ኃይል» ብለው ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይጨምራሉ፤ ኳሱ ጫፍ ላይ ሲደርስም ሁለቱ ኃይሎች እኩል ሆኑ ይላሉ። ደጋግሜ ባስረዳም በሚቀጥለው ፈተና ያንኑ ይጽፋሉ። በክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉ፤ ቤተ ሙከራው ስም ብቻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1

ውድ መምህር፣ ችግሩ የእርስዎ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር ከባድ ስሌት የሚሠሩ ተማሪዎቹ እንዲህ ባሉ ቀላል ጥያቄዎች ሲሰናከሉ አይቶ ነው የማስተማር ዘዴውን የለወጠው። ዘዴው መሣሪያ አይጠይቅም። ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን አስቦ መልሱን ደብተሩ ላይ ካሰፈረ በኋላ፣ ከጎረቤቱ እንዳይኮርጅ የምርጫውን ቁጥር በጣቶቹ ደረቱ ላይ ያሳይ። በትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ፣ የተለያየ መልስ የያዙት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይከራከሩና እንደገና ይምረጡ። ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ግን ክርክሩ ስለማያዋጣ ትምህርቱን ራስዎ እንደገና ቢያስረዱ ይሻላል።

መልስ 2

በዘዴው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚዳኝበት ደንብ ከሌለ ድምፁ የጎላው ተማሪ ይረታል። እኔ የምጠቀመው ደንብ አንድ ነው፦ ቀስት የሳለ ሁሉ ያንን ኃይል የሚያሳርፈውን አካል ስም ይጻፍ። ስበቱን መሬት ታሳርፋለች፤ «የእጅ ኃይል» ያለው ተማሪ ግን እጁ አሁን ኳሱን ይነካው እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ ያጣል። እዚህ ላይ ተሳስተሃል ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ኳሱ ከእጅ ይዞት የወጣ ነገር አለ ብሎ ማሰቡ መሠረት አለውና። ያ ነገር ሞመንተም (የኳሱ መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው) እንጂ ኃይል አለመሆኑን፣ የላይኛው ጉዞ እየዘገመ የሚሄደውም ስበት ሞመንተሙን እየቀነሰው ስለሆነ መሆኑን ያሳዩት። ከዚያም ጫፍ ላይ ኃይሎቹ እኩል ከሆኑ ኳሱ ለምን እዚያው ተንጠልጥሎ አይቀርም ብለው ይጠይቁ። ፍጥነቱ ዜሮ በሆነበት ቅጽበትም አክስለሬሽኑ ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር መሆኑ የሚገባቸው ያኔ ነው።

መልስ 3

መርሐ ግብሩን መቼ እንጨርሳለን የሚሉ ባልደረቦች ይኖራሉ፤ ሥጋታቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም የፊዚክስ ትምህርት ተመራማሪው ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ6 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የሚሸፍን መረጃ ሲያጠናቅር፣ በገለጻ ብቻ የተማሩት በቅድመ ፈተናው ከጎደላቸው ግንዛቤ በአማካይ 23 በመቶ ያህሉን ሲያሟሉ፣ በተሳትፎ የተማሩት 48 በመቶ ያህሉን አሟልተዋል። ስለዚህ በክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጀምሩ አይከስሩም። ክርክሩን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያድርጉት፤ መጽሐፉና ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ግን የተስማሙበትን ምክንያት በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉት ያድርጉ።