የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ኮሚቴ ላይ መምህራንን ወክሎ የሚገባ ሰው ሥራው ምንድን ነው?

የጦሳ ሥር መምህር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወሎ ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሒሳብ አስተምራለሁ። የትኛው እንደሆነ ይቆየን። ባለፈው ሳምንት ዲኑ ጠራኝና «የስፖርት ኮሚቴው ላይ መምህራንን ወክለህ ግባ» አለኝ። ሥራዬ ምንድን ነው ስለው «ስብሰባ ሲኖር ትገኛለህ» ነው መልሱ። የተሰጠኝ ደብዳቤም «አባል» ይላል እንጂ ስለ ተግባርና ኃላፊነት አንድ መስመር የለውም።

እምቢ ማለት እችል ነበር። እሺ ያልኩት አምና የሆነ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው። አንዲት ሯጭ ተማሪ ነበረችኝ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ያልገባትን ሳታፍር የምትጠይቅ ልጅ ናት። ለውድድር ሄዳ ሁለት ሳምንት ጠፋችና ሚድ አመለጣት። ስትመለስ ደብዳቤ ይዛ ቢሮዬ መጣች። እኔ የጠበቅኩት «ፈተናው በሌላ ቀን ይሰጣት» የሚል ነበር። ደብዳቤው ግን «ተማሪዋ ተቋሙን ወክላ የተወዳደረች ስለሆነ በውጤቷ ላይ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላት» ይላል። ማህተም አለው፤ የተጻፈው ግን ፈተናው ካለፈ ከ9 ቀን በኋላ ነው። ልጅቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መሬት መሬት እያየች ቆመች። ያሳፈራት እሷ ያልጻፈችው ወረቀት ነው።

እኔ ሜክአፕ ፈተና ሰጠኋት፣ ሠርታ አለፈች። በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንዱ ባልደረባዬ «እኔማ ሲ ሰጥቼ ገላገልኳት፣ የሮጠችው ለኛው አይደል» አለ። ሌላው ደግሞ «ክፍል ያልገባ ማርክ የለውም» ብሎ ኤፍ ሰጥቷታል። ለአንዲት ልጅና ለአንድ ደብዳቤ ሦስታችን ሦስት ዓይነት ፍርድ ሰጠን ማለት ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ኮሚቴ ላይ የሚቀመጥ መምህር ከቱታ ግዢና ከአበል ሌላ ምን ይመለከተዋል? ይህን ነገር በደንብ የሚሠሩት የት ነው? የምታውቁ ንገሩኝ። ሰኞ ስብሰባ አለን።

የኮምቦልቻ ልጅ ከኦሃዮ

ወንድሜ፣ እንኳንም ገባህ። አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎች የትምህርት አማካሪ ነኝ፤ ብዙ አትሌቶች ቢሮዬ ይመጣሉ። አንተ የተቀመጥክበት ወንበር እዚህ አገር ስም አለው፤ የፋኩልቲ አትሌቲክስ ተወካይ ይባላል። የኮሌጅ ስፖርቱን የሚመራው ኤንሲኤኤ እያንዳንዱ አባል ተቋም አንድ እንዲሾም ያስገድዳል። በሕጋቸው ከጥር 1989 ወዲህ (በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የሚሾመው ሰው መምህር ወይም የመምህርነት ማዕረግ ያለው ኃላፊ መሆን አለበት፤ አትሌቲክስ ክፍሉ ውስጥ አሠልጣኝም ኃላፊም መሆን ደግሞ አይችልም። እዚህች ላይ ቆም በል። ሰኞ መጀመሪያ የምትጠይቀው ተጠሪነትህ ለማን እንደሆነ ነው። ለስፖርት ቢሮው ከሆነ ቡድኑን ታጅባለህ እንጂ አትቆጣጠርም።

ነገሩ የቆየ ነው። ዛሬ በቴሌቪዥን ገንዘብ የሚታወቀውን ቢግ ቴን የሚባለውን ሊግ በ1896 ቺካጎ ላይ ያቋቋሙት የሰባት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ናቸው። በመደበኛ ስሙም የመምህራን ተወካዮች ጉባኤ ነበር። ያኔ ያስቸገራቸው ተማሪ ሳይሆን ለጨዋታ ብቻ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያወጡት ሕግ የሚጫወተው በትክክል የተመዘገበና በትምህርቱ ወደ ኋላ ያልቀረ ተማሪ ብቻ ይሁን የሚል ነው።

ግን ሕግ ስላለ ብቻ ነገሩ ይስተካከላል ብለህ እንዳታስብ። ኖርዝ ካሮላይና ቻፕል ሂል ላይ የሆነውን ላጫውትህ። ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ ከ1993 እስከ 2011፣ 18 ዓመት ሙሉ፣ በአንድ ዲፓርትመንት ውስጥ በወረቀት ብቻ ያሉ ኮርሶች ነበሩ። ክፍል የለም፣ መምህር አይገባም፤ ተማሪው መጨረሻ ላይ አንድ ጽሑፍ ያስገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ማርኩን የምትሰጠው የዲፓርትመንቱ የአስተዳደር ሠራተኛ ናት፣ ማርኩም ከፍ ያለ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያሠራው ምርመራ በ2014 ሲወጣ ከ3,100 በላይ ተማሪዎች በዚያ መንገድ አልፈዋል፤ ግማሽ ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው አትሌቶች ናቸው። የአትሌቶቹ አማካሪዎች፣ ማለትም እኔ ዛሬ የምሠራውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች፣ ልጆቹን ወደዚያ ኮርስ ይመሯቸው ነበር። ይህን ሪፖርት ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያስ? ኤንሲኤኤ ዓመታት መርምሮ በ2017 ዩኒቨርሲቲው የማኅበሩን የትምህርት ሕግ ጥሷል ብሎ መደምደም እንደማይችል አሳወቀ። ምክንያቱ ኮርሱ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ነበር፣ የትምህርቱ ጥራት ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ነው የሚል ነው። ስፖርቱን የሚመራው አካል ማርክ አይመለከተኝም አለ ማለት ነው። ታዲያ ማን ሊመለከተው ነው? ያው አንተ ነህ። ከመምህሩ በቀር ማርኩን የሚጠብቅ ሰው የለም።

ፊሽካ

ይቅርታ ግን እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። ስፖርት ሳይንስ ነው የማስተምረው፣ ቡድንም አሠለጥናለሁ። እናንተ የክፍል መምህራን የምታዩት ጠረጴዛችሁ ላይ የደረሰውን ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤው ለምን ዘገየ? የውድድሩ ቀን ለኛም የሚነገረን ዘግይቶ ስለሆነ ነው። በጀት ተለቀቀ ሲባል በሦስት ቀን ውስጥ አውቶቡስ ላይ ነን። ማን ምን ፈተና እንዳለበት መቼ እንጠይቅ?

ደግሞ ልጆቹን እዩአቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የደሴ ብርድ አጥንት እየሰበረ ሜዳ ላይ ናቸው። ካፌ የሚበሉት ሌላው ተማሪ የሚበላውን ነው፤ ለሯጭ ተብሎ የሚጨመር ነገር የለም። አሜሪካ ሙሉ ስኮላርሺፕ አለ፣ አሁን ደግሞ በፈረንጆቹ 2025 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለአትሌቶቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ማካፈል ይችላል ተብሏል። የኛ ልጅ ጫማው ሲቀደድ መርፌና ክር ነው የሚፈልገው። እና የዚያን አገር ቁጥጥር አምጥተን እዚህ ስንጭን መጀመሪያ የሚጎዳው ልጁ እንዳይሆን እፈራለሁ። በኮሚቴው የሚገባው መምህር ፖሊስ ሆኖ ከመጣ አሠልጣኙ ይደብቀዋል። ኤፍ የሰጠው ባልደረባህም ይጠየቅልኝ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲው ልኳት ነው የቀረችው፣ ጠፍታ አይደለም።

ሐረጎ ላይ

ሰላም ቲቸር። እኔ ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። 1,500 ሜትር እሮጥ ነበር። አስተያየት ልሰጥ ፈርቼ ነበር፤ ሌሎቹ ሲጽፉ ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የወልድያ ልጅ ነኝ። ትልቁ ስታዲየም በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ ትንሽ ልጅ ነበርኩና ከዚያን ቀን ጀምሮ ሩጫ ብቻ ነው ሕልሜ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቡድን ውስጥ ያዙኝ። ከመጀመሪያው ውድድር ስንመለስ አውቶቡሱ ሐረጎ ዳገት ላይ ተበላሸብን። ጭጋግ ነው፣ ምንም አይታይም። የስልኬን መብራት አብርቼ ደብተሬን አወጣሁ፣ ምክንያቱም ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ፈተና አለኝ። አጠገቤ ያለችው ጓደኛዬ ጋቢዋን ግማሹን ለኔ አልብሳኝ ተኝታለች። ዶርም የገባነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ያንን ፈተና ወደቅኩ፤ ግን የኔ ነው፣ በሚቀጥለው አካካስኩት።

የጎዳኝ ሌላው ነው። በሁለተኛው ውድድር ስታትስቲክስ 1 ፋይናል አመለጠኝ። ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ሳልፈተን ቢ መጣልኝ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት፣ እልልል አለችልኝ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ስታትስቲክስ 2 ስንጀምር መምህሩ «ይህን ታውቁታላችሁ» ብሎ አለፈው። እኔ አላውቀውም። ጎኔ ያሉት ሁሉ ይጽፋሉ፣ እኔ ሰሌዳውን አያለሁ። ኤፍ አገኘሁ፣ ጂፒኤዬ ወርዶ ዋርኒንግ ገባሁ። ከዚያ ያው ደብዳቤውን የጻፈልኝ ቢሮ ዋርኒንግ ያለበት ተማሪ አይወዳደርም ብሎ ከቡድኑ አስወጣኝ። ሩጫውም ማርኩም እጄ ላይ የለም።

ቲቸር፣ ለተማሪዎ ፈተናውን ስለሰጧት አመሰግናለሁ። እኔንም አንድ ሰው «ነይ ተፈተኝ» ቢለኝ ኖሮ እላለሁ።

ፊሽካ

እህቴ፣ ከልቤ ነው የምልሽ፣ አዘንኩ። እኔም እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ጽፌ አውቃለሁ። ለልጁ የጠቀምኩ መስሎኝ ነው። ከጻፍኩላቸው ውስጥ በሚቀጥለው ሴሚስተር ምን ሆኑ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

የኮምቦልቻ ልጅ ከኦሃዮ

አብሽሪ እታለም። ኤፉን ደግመሽ መውሰድ ከቻልሽ ውሰጂው፤ ስታትስቲክስ 1ን ከስር ጀምሮ የሚያስረዳሽ ሰው ፈልጊ፣ ካስፈለገ እኔም በስልክ አለሁ።

ፊሽካ ስለ ገንዘቡ ላልከው፦ ልክ ነህ፣ ግን እዚህም ሁሉም ሀብታም አይደለም። ዲቪዚዮን ሦስት የሚባለው ከ400 በላይ ኮሌጆች ያሉበት ነው፣ ለስፖርት ብሎ አንድ ብር ስኮላርሺፕ አይሰጥም። እነሱም ግን የመምህራን ተወካይ የመሾም ግዴታ አለባቸው። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ መምህርና አንድ መዝገብ ነው።

ከዚህ የሚወሰድ ጥሩ ነገር ደግሞ አለ፣ ልጁን የሚጠብቅ እንጂ የሚቀጣ አይደለም። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ባሉበት በዲቪዚዮን አንድ በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት አይበልጥም፤ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት አለ። አሠልጣኞች የሚያልፉበት ቀዳዳ አለው፤ የጨዋታ ቀን ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም እንደ 3 ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ቢሆንም ገደቡ ተጽፎ አለ፤ ልጁ ሲጎዳ ሄዶ የሚያሳየው ወረቀት አለው። የትምህርቱ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው፦ ሁለተኛ ዓመት ሲያልቅ ከዲግሪው 40 በመቶ፣ ሦስተኛው ላይ 60፣ አራተኛው ላይ 80 መጨረስ አለበት። ይሄ የሚጠቅመው ልጁ ገደል አፋፍ ሳይደርስ ስለሚታይ ነው። ይቺን እህታችንን ያየናት ከወደቀች በኋላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር መምህር። እዚህ በተወካዮቹ ላይ የሚነሳው ወቀሳ ከቡድኑ ጋር በነጻ ይጓዛሉ፣ ጥሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ፣ ቀስ በቀስ ደጋፊ ይሆናሉ የሚል ነው። ደጋፊ መሆን ነውር አይደለም። ግን በአበሉ ዝርዝር ውስጥ ስምህ ካለ ነገ ደብዳቤውን አልቀበልም ለማለት አፍህ ይያዛል።

የጦሳ ሥር መምህር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ደጋግሜ አነበብኩት። የተማሪዋን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ አለቀሰች።

ሰኞ ይዤ የምገባውን ጻፍኩት። ስፖርት ቢሮው የሚጽፈው ደብዳቤ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ለመምህሩ ይድረስ፣ ይዘቱም ልጁ የሚቀርባቸው ቀናት ብቻ ይሁኑ፤ ስለ ውጤት አንድም ቃል አይኑርበት። በምላሹ ደግሞ (ፊሽካ ይህ ያንተ ነው) ተቋሙ የላከው ተማሪ ሜክአፕ ፈተና የማግኘት መብቱ በሁሉም ኮሌጆች እኩል ይሁን፣ መምህሩ እንደፈለገ የሚሰጠውና የሚከለክለው አይሁን። አውቶቡስ ሌሊት ከገባ በማግሥቱ ጠዋት ፈተና የለም። በየሴሚስተሩ የቡድኑን ልጆች ውጤት ከሬጂስትራር ወስጄ ማየት እፈልጋለሁ፤ ልጆቹን ለመክሰስ ሳይሆን፣ ማን ሳይፈተን ማርክ እንዳገኘ፣ ማን ወደ ዋርኒንግ እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ተጠሪነቴ ለሴኔት ይሁን እላለሁ። በከፍተኛ ትምህርት አዋጁ 1152/2011 የትምህርት ጉዳይን የሚመራው ሴኔት ስለሆነ ይህን ለማለት መሠረት አለኝ። አበል አልቀበልም፤ ይህን መጀመሪያ ነው የምናገረው።

ያልቆረጠልኝ ዋርኒንግ ውስጥ የገባ ልጅ ይወዳደር ወይስ ይቅር የሚለው ነው። ቢቀር ለትምህርቱ ጊዜ ያገኛል። ግን ዩኒቨርሲቲ ላይ ያቆየችው ያቺ ሩጫ ብቻ ብትሆንስ? እዚህ ላይ ሐሳብ ያለው ይጻፍልኝ።

ሐረጎ ላይ

ቲቸር፣ ይቅር ከተባለም ልምምድ አይከልክሉት። ውድድሩን ተዪው ሲሉኝ ቻልኩት። ጠዋት ጠዋት ከነሱ ጋር እንዳልሮጥ ሲከለክሉኝ ነው ዶርም ተኝቼ ክፍል መግባት የተውኩት።

ፊሽካ

ይህ ይጻፍ። ሰኞ የኛም ግቢ ስብሰባ አለ፣ እኔም ይዤው እገባለሁ።