ጥቆማ፦ ለቤት ውስጥ ሙዚቃ ሰርቨር ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይገዛ? (አዲስ አበባ)

ጥያቄ፦ 600 ጊጋባይት ገደማ ሙዚቃ በሀርድ ዲስክ አለ። የኢንተርኔት ጥቅል ሳይበላ፣ በቤቱ ዋይፋይ ከሳሎኑ ቴፕም ከስልክም እንዲደመጥ ነው የተፈለገው። ራስበሪ ፓይ (መዳፍ የምታክል ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር)፣ ሚኒ ፒሲ ወይስ ያገለገለ ላፕቶፕ?

መልስ 1፦ ላፕቶፕ ይግዙ፤ ምክንያቱ ባትሪው ነው። ሙዚቃ ማሰራጨት ለፕሮሰሰር ቀላል ሥራ ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ ሳይታመቅ እንኳ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው፤ አራት ክፍል ውስጥ በአንዴ ቢከፈትም ደህና ዋይፋይ አይጨናነቅም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ማሽን የሚገድለው መብራት ነው። ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ሚኒ ፒሲ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ካልተገዛለት መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ ይወድቃል፤ ላፕቶፕ ግን መጥፋቱን አያውቀውም።

መገናኛ፣ ዘፍመሽና አካባቢው ካሉት ሱቆች ስላይትሊ ዩዝድ የሚባሉትን የቢሮ ላፕቶፖች ይጠይቁ። ቲንክፓድ ቲ470 ወይም ቲ480 ቢያገኙ ይውሰዱ፤ አንድ ባትሪ ከውስጥ፣ አንድ ተነቃይ ባትሪ ከውጭ አላቸው። 8 ጊጋ ራም ከበቂ በላይ ነው። ለአይ7 ፕሮሰሰር የሚጠየቀውን ጭማሪ ለዲስክ ያውሉት። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ በርካሽ ቢያገኙም ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም።

ሳይከፍሉ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት ያውጡና የፋብሪካ አቅሙን አሁን ከሚይዘው ጋር ያነጻጽሩ፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ዋጋው ይቀነስ ወይም ባትሪው ይቀየር። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ይዩ። ኢርፎን ጃኩ ላይ ሰክተው ገመዱን ያንቀሳቅሱ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ጃኩ አልቋል።

ቤት ሲገባ በዊንዶውስ ፈንታ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ሊኑክስ፣ በላዩ ናቪድሮም የሚባለውን የሙዚቃ ሰርቨር ፕሮግራም ይጫኑ። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ያድርጉት። ቻርጁን 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም ይገድቡ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ የሚሰካ ባትሪ ቶሎ ያረጃል፣ ሊያብጥም ይችላል። ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ቻርጀር ኃይል ሲያገኝ በራሱ የሚነሳበትን ምርጫ ያብሩ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ራውተሩን ነው፦ ላፕቶፑ ቢበራም ራውተሩ ከጠፋ ስልክዎ ምንም አያገኝም። ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አይተው (ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው) ልክ የሆነ አነስተኛ የራውተር ዩፒኤስ ይግዙለት።

መልስ 2፦ በላፕቶፑ እስማማለሁ፤ ፓይን ግን አይጣሉት። ሰርቨር ሳይሆን ማጫወቻ ያድርጉት። ላፕቶፑ ላይ በናቪድሮም ፈንታ ሊሪየን የሚባለው የሙዚቃ ሰርቨር፣ ቴፑ አጠገብ በሚቀመጠው ፓይ ላይ ደግሞ ፒኮር ፕሌየር የሚባለው ማጫወቻ ይጫናል። ፒኮር ፕሌየር ከተነሳ በኋላ ራም ላይ ስለሚሠራ በድንገት ቢነቀልም ሚሞሪ ካርዱ አይበላሽም። ሁለት ሦስት ክፍል ካለዎት ሊሪየን ሁሉንም እኩል ያጫውታል።

ለዚህ ፓይ 3 ወይም ዜሮ 2 ደብልዩ ይበቃል። ፓይ 5 አይግዙ፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ዜሮ 2 ደብልዩና ፓይ 5 የኢርፎን ጃክ ስለሌላቸው፣ የፓይ 3 እና 4 ጃክ ደግሞ ድምፁ ደካማ ስለሆነ ፒሲኤም5102 ቺፕ ያለበት ትንሽ ዳክ (ዲጂታሉን ሙዚቃ ለቴፑ ወደሚሆን ድምፅ የሚቀይር መሣሪያ) ይጨምሩ። ቻርጀሩን አይናቁት፦ የስልክ ቻርጀር ቮልቱ ሲወርድ ፓይው ይንቀረፈፋል፣ ዩኤስቢ ላይ ያለው ዲስክም ይነቀላል።

ውድ ዳክ ግን ይቅርብዎ። ከካሴት ተገልብጦ 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ የሆነ ዘፈን የጎደለውን ምንም ዳክ አይመልስለትም።

መልስ 3፦ ስለ ዲስክ ልጨምር። ለ600 ጊጋ 1 ቴራ ይበቃል፣ 2 ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ሰዓት የሚሆን የፍላክ (ጥራቱ ሳይቀንስ የታመቀ ፋይል) አልበም ከ300 እስከ 400 ሜጋባይት ይወስዳል። ከዩኤስቢው ኃይል የሚወስደውን ባለ 2.5 ኢንች ይምረጡ፤ ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች የራሱ ቻርጀር ስላለው መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፣ የላፕቶፑ ባትሪም ያኔ ጥቅም የለውም። በርካሽ «2 ቴራ» ተብሎ ከሚሸጥ ፍላሽ ይጠንቀቁ። እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው ካላነበቡት ሐሰተኛነቱ አይታወቅም፤ አቅሙ ሲያልቅ በፊተኞቹ ፋይሎች ላይ ይጽፋል። ለቅጂ የሚሆን ሁለተኛ ዲስክ የግድ ነው።

የዩኤስቢ 3 ዲስክ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን ይረብሻል። ላፕቶፑን በኬብል ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ያገናኙት።

ላፕቶፑን ከቴፑ ጋር በኦዲዮ ገመድ አገናኝተው ቴፑ «እምምም» ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ። ድምፁ ከቆመ ችግሩ የግራውንድ ዑደት (ሁለቱ ዕቃዎች በግራውንድ መስመራቸው ተያይዘው የሚፈጥሩት ሁምታ) ሊሆን ይችላል፤ በኦዲዮ ገመዱ መሀል የሚገባ አይሶሌተር ይፈታዋል። የቻርጀሩን ሶኬት የግራውንድ እግር ቆርጦ ማለፍ ግን አደገኛ ነው፤ በጭራሽ አይሞክሩት።

ከዚያ የሚቀረው ታጉ (በየፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው የዘፋኝና የአልበም ስም) ነው፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜ አያስቆጭም። ሰርቨሩ ፊደል በፊደል ስለሚያነብ «ጥላሁን ገሠሠ»ን እና «ጥላሁን ገሰሰ»ን ሁለት ዘፋኝ ያደርጋቸዋል፤ «ማህሙድ»ና «ማሕሙድ»ም እንደዚሁ። አንዱን አጻጻፍ ይምረጡና ፒካርድ በሚባለው የታግ ማስተካከያ ፕሮግራም ሁሉንም በአንዴ ያስተካክሉ። የአልበም አርቲስት የሚለውንም ይሙሉት፤ ባዶ ከሆነ የብዙ ድምፃውያን ስብስብ የሆነ ካሴት በየዘፋኙ ተበትኖ ይታያል።