ወደ ቁልቢ ስንሄድ መተሃራና አዋሽ ቆመን እንብላ ወይስ ዝም ብለን እንለፍ?

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለታህሳስ ገብርኤል ቁልቢ በሁለት ባስ ነው የምንሄደው፣ እና ትናንት ስብሰባ ላይ ምሳ የት እንቁም የሚለው ነገር ሊያጣላን ደረሰ። ግማሹ ሰው እንደ ድሯችን መተሃራ ወይ አዋሽ ሰባት ኪሎ እንቁም፣ በ2017 ያ ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰበት ህዝብ ገበያ ያስፈልገዋል ይላል። ሌላው ስንቅ ቋጥረን ቀጥ ብለን አሰበ ተፈሪ እንግባ ይላል። አንዳንዱ ፈርቶ ነው፣ አንዳንዱ ግን ከልቡ በሰው ችግር መሀል ቁጭ ብሎ መብላት ነውር ነው ብሎ ነው። እኔ መቆም አለብን ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

ከሲኤምሲ፦
እኔ እቃወማለሁ። ባለፈው በዛ ስናልፍ ሰው ከባስ እየዘለለ ወርዶ የተሰነጠቀ ግድግዳ ፊት ቆሞ ሰልፊ ሲነሳ በአይኔ አይቻለሁ፣ ለቲክቶክ ላይቭ የገባም ነበር። ቤቱ እኮ ባለቤት አለው፣ ሴትየዋ በሯ ላይ ቆማ ታየናለች! ወደ ገብርኤል ልሳል ነው የምሄደው ብሎ እንደዛ ማድረግ ምን ይባላል? ለምሳ የምናወጣውን ብር ሰብስበን ለቀይ መስቀል እንስጥና እንለፍ።

የመተሃራ ልጅ፦
እህቴ ስለ ሰልፊው ያልሽው እውነት ነው፣ እኔንም ያቃጥለኛል። ግን እንለፍ የሚለው ላይ አልስማማም፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እናቴ አስፋልት ዳር ሻይ፣ ዳቦና ብስኩት ነው የምትሸጠው፣ ያኔ መሬቱ ቀንና ሌሊት ሲርገበገብ ቤት ውስጥ መተኛት ስለማይቻል ውጪ ላስቲክ ወጥረን ነው ያደርነው፣ በተለይ የካቲት 7 ማታ ያ 6.0 የተባለው ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን አንጠልጥሎ ወጣ፣ እና እግዚአብሔር ይመስገን ያንን አለፍን፣ ከዛ በኋላ የገደለን ግን ሌላ ነው፣ ባስ መቆም አቆመ። መኪናው መስታወቱን ዘግቶ ብር ብሎ ያልፋል። እርዳታ መጥቷል አልክድም፣ ግን የእርዳታ ዱቄት የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ የእህቴን ደብተር አይገዛም። እናቴ ምጽዋት ስጡኝ አላለችም፣ ሻይ ጠጡልኝ ነው የምትለው። ይሄ ነው ነውር?

ከሲኤምሲ፦
አይደለም እህቴ። እናትሽን እግዜር ይጠብቅልሽ። የኔ ጥያቄ ሁለት ባስ ሙሉ ሰው ሲወርድ እናትሽ ጋ ነው ወይ የሚሄደው ነው።

ስጋት አለኝ፦
እኔ የምፈራው ቀላል ነው፣ ህጻናትና አረጋውያን ይዘን እየበላን ቢንቀጠቀጥስ? ያኔ እኮ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሆነን እንኳን ተሰምቶናል።

ጂኦሎጂ ያጠናሁ፦
ስጋቱ ተገቢ ነው። የተፈጠረው ባጭሩ ይሄ ነው፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መሀል ከመሬት ስር የቀለጠ አለት ወደ ጎን እየሰነጠቀ ሲገባ ነበር፣ መንቀጥቀጡ በብዛት ከዛ ነው የመጣው። ታህሳስ መጨረሻ ላይ ዶፈን ጋ እንፋሎት፣ አቧራና ጭቃ እየገፋ ሲወጣ እሳተ ገሞራ ፈነዳ ተባለ፣ ግን የቀለጠ አለት አልወጣም። ስምጥ ሸለቆ ነው፣ መሬቱ እየተለጠጠ ነው፣ ስለዚ ድጋሚ አይመጣም የሚላችሁ ሰው ካለ አትመኑት፣ በዚህ ቀን ይመጣል የሚላችሁንም እንደዛው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሰው የሚገድለው መንቀጥቀጡ ራሱ ሳይሆን የሚወድቀው ግድግዳና ጣሪያ ነው። ቆርቆሮ ዳስ ስር ወይም ዛፍ ጥላ ላይ አንድ ሰአት ተቀምጦ መብላት ሌላ፣ ስንጥቁ በቀለም ተሸፍኖ የተከፈተ ፎቅ ላይ ወጥቶ መብላት ሌላ። በዛ መንገድ ላይ ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ከተሳቢ መኪና ጋር እየተሽቀዳደማችሁ የምትነዱት ነው የሚያስፈራኝ።

መሪ የያዝኩ፦
ልጄ የመጨረሻዋን ልክ ብለሃል። እኔ በዛ መስመር ብዙ አመት ነድቻለሁ፣ የጅቡቲውም የድሬውም መኪና አዋሽ ላይ ነው የሚለያየው፣ ሰው ጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥቶ እዛ ሲደርስ ይርበዋል፣ ሹፌሩም ይዝላል። ሳይቆሙ አሰበ ተፈሪ እንግባ ማለት ሙቀቱን ጨርሶ ከዛ ዳገቱን ሳያርፉ መውጣት ነው፣ ይሄን ተሳፋሪ አያውቀውም። ስለዚህ መቆም ግድ ነው።

ግን የት ይቆማል የሚለውን ሁላችሁም የምታውቁትን ግልጥ አድርጌ ልናገር። ሹፌርና ረዳት ባስ ያቆሙበት ምግብ ቤት በነጻ ይበላሉ፣ አንዳንዱ ጋ ሲወጡ ትንሽ ነገርም ይጨመርላቸዋል። ስለዚህ ሁለት ባስ ሙሉ ሰው አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውጪ ያሉት ሻይ ሻጮች በአጥር ነው የሚያዩን። ልጅቷ እናቷን ስትጠቅስ ውስጤን ነው የነካችው ምክንያቱም በአጥር ከሚያዩን አንዷ ነች። መቆም ብቻውን እርዳታ አይደለም፣ ይሄን እንስማማ።

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ጋሼ ይሄን ስብሰባው ላይ ማንም አላነሳውም፣ እናመሰግናለን።

ከዱለቻ፦
የአፋር ልጅ ነኝ። ስለ አስፋልት ዳር ስታወሩ ሳነብ ቆየሁ፣ ለመተሃራዋ እህቴ አዝናለሁ፣ ችግሯ እውነት ነው። ግን መሬት የተሰነጠቀው፣ ጭሱ የወጣው፣ ህዝቡ ከነከብቱ የተነሳው በብዛት ከዋናው መንገድ ውጪ ነው። ዱለቻ ወረዳ ውስጥ፣ አዋሽ ፈንታሌ ወረዳ ውስጥ፣ ሳቡሬ አካባቢ። ከሰም ስኳር ፋብሪካ የሚሰራው ሰውም ከነቤተሰቡ ወጥቷል። እኛ ጋ ባስ አይመጣም። አርብቶ አደር ሻይ አይሸጥም፣ ፍየልና የግመል ወተት ነው ያለው፣ እናንተ ደግሞ በታህሳስ ቁልቢ የምትመጡት በነቢያት ጾም ነው፣ ፍየሉንም ወተቱንም አትነኩትም። ታዲያ የናንተ መቆም ለኔ ሰፈር ምን ያደርጋል? አዋሽ ላይ ሽሮ በላን ብላችሁ የተፈናቀለውን ረዳን እንዳትሉ ነው የምለው።

ሌላው ቪዲዮው ነው። በኛ ደንብ መንገደኛ ሲገናኝ ዳጉ አለ፣ ቁጭ ብሎ ያየውን ይናገራል፣ የሌላውን ይሰማል፣ ከብት እንዴት ነው፣ ዝናብ እንዴት ነው፣ ሰው ደህና ነው ወይ። ሳይጠይቅ፣ ሳይሰማ ስልክ አውጥቶ ቀርጾ የሚሄድ ሰው ለኛ በጣም ከባድ ነው።

የመተሃራ ልጅ፦
ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፣ አልከራከርህም። እኛም ጋ ግን ችግሩ በመንቀጥቀጥ አልጀመረም፣ የበሰቃ ሀይቅ እየሰፋ ስንት የግጦሽ መሬት እንደበላ ታውቃለህ፣ የኛ አካባቢ አርብቶ አደር ከረዩው ላይ የደረሰው ቀላል አይደለም።

ከዱለቻ፦
አውቃለሁ። በ1960ዎቹ በፈረንጅ 3 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነበር፣ አሁን ከ40 በላይ ነው። ውሃው ጨዋማ ነው፣ ከብት አይጠጣውም። ለዛ ማንም ባስ አልቆመም፣ አሁንም በግራና በቀኝ ውሃውን ፎቶ እያነሳ ያልፋል።

ጃፓን የምኖር፦
እዚህ ሪኩዘንታካታ የሚባል ከተማ አለ፣ በ2011 ሱናሚው ጠርጎት ነበር። ባህር ዳር ከነበሩት 70 ሺህ ገደማ ጥዶች አንድ ብቻ ነው ቆሞ የቀረው። መንገድ ዳር የነበረውን የድሮ ማረፊያ ህንጻ አላፈረሱትም፣ እንደተጎዳ ተዉት፣ አጠገቡ በ2019 አዲስ ማረፊያ ከሱናሚው ሙዚየም ጋር አንድ ላይ ከፈቱ። መንገደኛው ይበላል፣ የአካባቢውን አሳና አትክልት ይገዛል፣ ሙዚየሙ ገብቶ የሆነውን ይሰማል። ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያይበት ቦታ ስላለው የሰው በር ላይ ቆሞ አይቀርጽም። አዋሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰራ የአፋሩም የከረዩውም እቃ የሚሸጥበት፣ ምን አለበት?

መሪ የያዝኩ፦
ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ግን የኛ ባስ የሚወጣው በዚህ ወር ነው። እስከዛ መንግስት የሚሰራውን ስንጠብቅ እናትየዋ ምን ትብላ?

ከሲኤምሲ፦
እኔ አሁን ግማሽ ሀሳቤን ቀይሬያለሁ። መቆሙን እቀበላለሁ፣ ግን ባስ ውስጥ ከመውረዳችን በፊት አንድ ሰው ተነስቶ ማንም የሰው ቤትና የሰው ፊት እንዳይቀርጽ ይናገር። የቀይ መስቀሉም መዋጮ አይቅር፣ ሁለቱም ይቻላል፣ የዱለቻው ወንድማችን እንዳለው ሽሮው እዛ አይደርስም።

የመተሃራ ልጅ፦
እናንተ ከምር ለመቆም ካሰባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ድንገት አትምጡ። ሁለት ባስ ሰው ድንገት ሲመጣ ማስተናገድ የሚችለው ያው ትልቁ ግቢ ብቻ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ስልክ ብትደውሉ ሴቶቹ ተከፋፍለው እንጀራ ይጋግራሉ፣ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ምስር፣ አንዷ ቡና፣ ቆርቆሮው ዳስ ስር ትበላላችሁ። ሹፌሮቹንም እኛው እናበላለን።

መሪ የያዝኩ፦
የኔን ምሳ እከፍላለሁ። ሁለተኛውን ባስ የሚነዳውን እኔ አናግረዋለሁ፣ ግን እሱ የለመደበት ቤት አለው፣ እምቢ ሊል ይችላል፣ ቃል አልገባም።

ስጋት አለኝ፦
ዳስ ከሆነ እናቴን ይዤ እወርዳለሁ። ፎቅ ከሆነ ግን ባሱ ውስጥ ነን።

ከዱለቻ፦
ለመተሃራ ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል። የኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። መዋጮው ለየትኛው ቀበሌ እንደሚደርስ ሳይታወቅ አትሰብስቡ፣ የሐምሌው ቁልቢ ላይ ደግሞ ጾም የለም፣ ያኔ ፍየል የሚገዛ ካለ አሁን ይናገር።