ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የጣሊያን ሥነ ጽሑፍ ማስተርስ፣ ምን ትሉኛላችሁ?

የደብረ ብርሃን መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ እንግሊዝኛ ነው፣ አሁን ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ማስተርሴን እዚያው ጣሊያን ሄጄ በሥነ ጽሑፍና ባህል መሥራት እፈልጋለሁ። ቋንቋውን ለሁለት ዓመት በስልኬ ተምሬያለሁ፣ አጫጭር ታሪክ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ቤት ግን ነገሩ ከበደ። የአያቴ አባት በአርበኝነት ነው የወደቁት፣ አያቴም «የገደሉንን ሰዎች ግጥም ልትማሪ ነው?» ብለው ተቀይመውኛል። ከየት ልጀምር?

ሚላን ያለሁ፦
እህቴ፣ ፕሮግራሙ ሁለት ዓመት ነው፣ 120 ክሬዲት። ትምህርቱ በጣሊያንኛ ስለሆነ የስልኩ ብቻ አይበቃሽም፣ ቢያንስ ቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ የቋንቋ ደረጃ) የሚል የምስክር ወረቀት ያዢ። ስኮላርሺፕ በየክልሉ አለ፣ የቤተሰብ ገቢ አይተው ነው የሚሰጡት። ወረቀትሽን ቀድመሽ አስተርጉሚ፣ አረጋግጪ። እኔ አንድ ማስረጃ ዘግይቶብኝ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ዶርም ነው ያሳለፍኩት፣ አይድረስብሽ።

የአንኮበር ልጅ፦
የጣሊያኖቹን ታላቅ ገጣሚ ዳንቴን የሚያጠና እዚያ ሞልቷል። አንቺ የእኛን ይዘሽ ሂጂ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ ላይ ሰፍረው ነበር፣ መሪያቸው አንቲኖሪ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞቶ ተቀበረ። ስለ አገራችን የጻፉት ሁሉ በጣሊያንኛ ነው፣ ከእኛ ልጆች ስንቱ አንብቦታል? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድም የታተመው ሮም ነው፣ 1908 እ.ኤ.አ.፣ ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኔፕልስ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። (በኋላ ከፋሺስት ጋር መቆማቸው እስከዛሬ ያንገበግበኛል።)

መንዜው፦
ስለ አያትሽ ልናገር። አትከራከሪያቸው፣ ልክ ናቸው። ግን እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለውን ዘረት ዋሻን አስቢ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. እዚያ የተሸሸጉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን ጣሊያኖች በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጇቸው። የአካባቢው ሰው መቼም አልረሳውም፣ ዓለም የሰማው ግን አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ የራሳቸውን ጦር ሰነድ አገላብጦ ካወጣው በኋላ ነው። ያንን ወረቀት የእኛ ልጅ ለምን አታነበውም? እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።

የደብረ ብርሃን መምህርት፦
መንዜው፣ ሳነበው አለቀስኩ። አያቴ ስለ ዘረት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፣ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። እሁድ እሄዳለሁ። ፈቃዳቸው ከሆነ ድምፃቸውን እቀዳለሁ።