ጥቆማ፦ ለሚያፈስ የገጠር ቤት ጣሪያ፣ ቆርቆሮ ከደሴ ልግዛ ወይስ ከኮምቦልቻ?

የኩታበሯ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኩታበር ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ ቀበሌ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ቤታችን በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭድ ጭቃ የተመረገ፣ ባለ ሦስት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሲሆን፣ ጣሪያው ከተመታ ሃያ ዓመት አልፎታል። ክረምቱን አንድ ጥግ ላይ ድስት ደቅነን አሳለፍን። አሁን ኅዳር ገብቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ደግሞ የእናቴ መኝታ ሌሊት ሌሊት እየረጠበ፣ ማለዳ ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ ማስጣት የዘወትር ሥራዬ ሆኗል። በልግ ሳይገባ ጣሪያውን በሙሉ ለመለወጥ አስቤአለሁና እባካችሁ ጠቁሙኝ። ቆርቆሮውን ከደሴ ሱቆች ወይስ ከኮምቦልቻ አከፋፋዮች ብገዛ ይሻላል? የተለመደው ባለ ሞገድ ቆርቆሮ ወይስ ኢጋ የሚባለው ባለ ሸንተረር ቆርቆሮ? እስከ ገጠር ድረስ የሚመጣ ታማኝ አናጢስ የምታውቁት አለ?

ከሐይቅ፦
እኅቴ፣ ሌላ ቦታ አይድከሙ፤ ደሴ ሰኞ ገበያ ይሂዱ። እኔ የምገዛበት ነጋዴ ዘንድ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ደንበኛ ነኝ፤ አባቴም ከነጋዴው አባት ይገዙ ነበር። ቢጎድልብኝ በዱቤ ይሰጠኛል፤ የተረፈኝን ቆርቆሮ ካልተበሳ ይመልስልኛል። እንዲህ ያለ ሰው በኮምቦልቻ አያገኙም።

ከኮምቦልቻ፦
በኮምቦልቻ እንደዚያ ያለ ሰው የለም ማለት ተገቢ አይደለም። ቆርቆሮ የሚያመርት ፋብሪካ ያለው እኛው ከተማ ነው፤ ብዙ ለሚገዛ ሰው ከምንጩ መግዛት ያዋጣል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ጠያቂዋ የሚፈልጉት ለአንድ ቤት የሚበቃ ብቻ ከሆነ፣ የሐረጎን ዳገት አልፎ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ ኩታበር ለሚደርስ መኪና የሚከፈለው ኪራይ በዋጋ የተረፈውን ይበላዋል። ከጎረቤት ጋር ተባብረው አንድ አይሱዙ ሞልተው የሚጭኑ ከሆነ ኮምቦልቻ፣ ካልሆነ ደሴ ይሻላል እላለሁ።

ከወረኢሉ፦
ከሱቁ በፊት ስለ ዕቃው ልንገርዎት፤ እኔ የደረሰብኝ በእናትዎ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ከአራት ዓመት በፊት ቤቴን ስሠራ ባለ 32 ጌጅ (ጌጅ የውፍረት ቁጥር ነው) ቆርቆሮ ነው ተብሎ ተሸጠልኝ። እኔም ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ እንጂ ሌላ የማውቀው አልነበረኝምና፣ ለ32 የተጠየቅሁትን ከፍዬ ጫንኩ። አናጢው ጣሪያው ላይ ሲወጣ ቆርቆሮው ከእግሩ ሥር እንደ ወረቀት ይታጠፍ ነበር። ሥራው እንዳይስተጓጎል ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ዛሬም ይቆጨኛል። በዚያ ላይ ማገሩ በዚያው ሳምንት የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር። እንጨቱ ሲደርቅ ተጣመመ፣ ምስማሩ ላላ። በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ በተነሣ ነፋስ በአንድ ሌሊት ስድስት ቆርቆሮ ተነቅሎ ማሳ ውስጥ ተገኘ፤ ልጆቼን አቅፌ ጥግ ላይ አነጋሁ። ወደ ሱቁ ብመለስ ደረሰኝ አምጣ ተባልኩ፤ ደረሰኝ አልነበረኝም።

ከሐይቅ፦
ለደረሰብዎት ነገር አዝናለሁ። ሆኖም እኔ ከምገዛበት ሰው ቢገዙ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስብዎትም ነበር። የእኔ ጣሪያ ዛሬም እንደ አዲስ ነው።

ከወረኢሉ፦
ወንድሜ፣ እንግዲያው ነጋዴዎ ነፋሱንም ያቆሙልን ይሆናል። ውፍረቱን ለክተው ያውቃሉ? ወይስ የሚያውቁት ሰውየውን ብቻ ነው?

ከሰኞ ገበያ፦
እባካችሁ በዚህ አትጣሉ፤ መመዘን ይቻላል። እኔ በግንባታ ዕቃ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ለገዢ ሁሉ የምመክረው የጌጅ ቁጥርን ትቶ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር እንዲጠይቅ ነው። ሻጩ መለኪያ የለኝም ካለ ሚዛን አይጠፋም። ብረት በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። የቆርቆሮውን ስፋት ስትለኩ ክሩን ከዳር እስከ ዳር አትወጥሩት፤ ሞገዱን ተከትሎ እየወረደና እየወጣ ይለፍ፤ ከመታጠፉ በፊት የነበረውን ስፋት የምታገኙት እንዲህ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ በክር የተለካው ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ፣ ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2.8 ኪሎ ገደማ፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ 4.2 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት። የዚንኩ ሽፋን ጥቂት ይጨምራል እንጂ ይህን ያህል ልዩነት አይሸፍንም። አሥሩን አንድ ላይ አስሮ ማስመዘን ነው፤ ያን ጊዜ የሻጩ ስም ሳይሆን ሚዛኑ ይናገራል። ደረሰኙ ላይም ውፍረቱ እንዲጻፍ አድርጉ።

ከወረኢሉ፦
ይህን ያኔ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ! እግዜር ይስጥልኝ። የሐይቁን ወንድሜንም በቁጣ ስለ ተናገርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከባቲ፦
እኔ ደግሞ ስለ እንጨቱ ላሳስብ። በእኛ በቆላው ቤት የሚፈርሰው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ምስጥ ቋሚውን ከመሬት ሥር በልቶ ሲጨርስ ጣሪያው ምንም ያህል ቢያምር አይቆምም። ቋሚውን በቀጥታ ከመቅበር ይልቅ በድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ ይበጃል፤ መቅበር ግድ ከሆነ የሚቀበረውን ክፍል በተቃጠለ የመኪና ዘይት ደጋግሞ መቀባት የተለመደ ነው። ከተገኘ ወይራና ጥድ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ምስጥን ይቋቋማሉ።

ከኮምቦልቻ፦
ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኩታበር ደጋ ነው፣ ጥያቄውም ስለ ጣሪያ ነው።

ከባቲ፦
ጣሪያው በምን ላይ ይቆማልና?

ከአቀስታ፦
የጠያቂዋን ጽሑፍ ደግሜ አነበብኩት፤ ሁላችንም ያለፍነው ነገር አለ። ክረምት ላይ አንድ ጥግ ያፈሳል ብለዋል፤ አሁን ደግሞ በኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ሌሊት መኝታ ይረጥባል ብለዋል። ዝናብ በሌለበት ሌሊት የሚንጠባጠብ ውኃ በቀዳዳ የገባ አይመስለኝም። እኛም ዘንድ ብርዱ ብርቱ ስለሆነ ይህን አውቀዋለሁ። የሰው ትንፋሽ፣ የድስት እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ እርጥብ ልብስ፣ ይህ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ውጭ እየለቀቀ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይሰፍርና ንጋት ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አባቶቻችን በሣር ቤት ሲኖሩ ይህን አለማየታቸው ሣሩ ሙቀት ይዞ ስለሚያድርና ስለሚተነፍስ ነው። እኅቴ፣ ጉዳዩ ይህ ከሆነ አዲስ ቆርቆሮ ቢመቱም በመጪው ኅዳር ያው ውኃ ይወርድብዎታል፤ ገንዘብዎም ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ወጥ ቤቱ የት ነው? ኮርኒስስ አለው?

የኩታበሯ (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወጥ ቤቱ ከእናቴ መኝታ ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል፤ ግድግዳው ግን ጣሪያው ድረስ አይደርስም፣ ከላይ ክፍት ነው። ኮርኒስ የለንም። ብርድ ስለምትፈራ በክዳኑና በግድግዳው መካከል የነበረውን ክፍተት ዐምና በጨርቅና በጭቃ ደፍነነዋል። ክረምት ላይ የሚያፈሰው ጥግ ሌላ ክፍል ነው። እሱም በኋላ የተቀጠለው ክፍል ከነባሩ ቤት የሚገናኝበት ሲሆን፣ አጎቴ በሲሚንቶ ለስኖት ነበር።

ከአቀስታ፦
እንግዲህ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ይለያያል። የመኝታው ክፍል መተንፈሻ ያስፈልገዋል። በሁለቱ ጫፎች ከግድግዳው በላይ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮት መሰል ክፍተቶች ቢተዉና ወንፊት ቢመታባቸው፣ እንፋሎቱ ሳይጠራቀም ይወጣል። ከወጥ ቤቱ የሚለየው ግድግዳም እስከ ጣሪያ ድረስ ይሞላ፤ ጭሱም የራሱ መውጫ ይኑረው። ብርዱን ለመከላከል መድፈን ሳይሆን ኮርኒስ ነው የሚረዳው። ከታጠበ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የተወጠረ ኮርኒስ እንኳ፣ ከላይ ያለው አየር የሚወጣበት ካለው፣ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

የተቀጠለው ጥግ ግን የእውነት ፍሳሽ ነው። ሲሚንቶው ራሱ ሳይጎዳው አይቀርም። ቆርቆሮ በፀሐይ ይሳባል፣ በብርድ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ ሳለም የዚንኩን ሽፋን ይበላዋል። ይነሣና በቦታው ከሁለቱም ክዳን ሥር በደንብ የሚገባ የታጠፈ ቆርቆሮ ይደረግበት። ቀዳዳውን ለማግኘት ደረቅ ቀን ይምረጡና አንድ ሰው ቤት ውስጥ ይቁም፣ ሌላው በጄሪካን ውኃ ያፍስስ። ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይውጣ እንጂ ከላይ አይጀምር፤ ከላይ ከጀመረ ውኃው ሁሉንም አልፎ ስለሚወርድ የትኛው እንዳስገባ አይታወቅም። ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ደግሞ ቀዳዳው ያለበት ላይሆን ይችላል፤ ውኃ ማገሩን ተከትሎ ሩቅ ይሄዳልና።

ከሰኞ ገበያ፦
በዚህ ላይ የምጨምረው፣ ወደ ጣሪያው የሚወጣው ሰው የምስማሩን መስመር ተከትሎ ይርገጥ፤ ከሥሩ ማገር ያለው እዚያ ነው። ምስማሩም በሞገዱ ጀርባ ላይ፣ ከነጎማው መመታት አለበት። በሸለቆው ከተመታ ውኃ የሚሄድበት ቦይ ላይ ተበሳ ማለት ነው፤ ብዙ «ያረጀ» የሚባል ጣሪያ ያላረጀ፣ ምስማሩ ያለ ቦታው የተመታ ነው። ማገሩ ካልበሰበሰ፣ ቆርቆሮውም በዝገት ካልተበላ፣ ምናልባት የሚለወጠው ከአምስት ወይም ከስድስት አይበልጥም።

ከሐይቅ፦
አምስትም ይሁን ስድስት፣ እኔ የምገዛበት ሰው አንድም ቢሆን ይሸጣል። አናጢም ያውቃል። ስልኩን በውስጥ መስመር ልላክልዎት።

ከወረኢሉ፦
ይላኩላቸው፤ ሚዛኑን ግን እንዳይረሱ።

ከባቲ፦
ሲወጡ ቋሚዎቹንም ከሥር በጩቤ ወጋ ወጋ አድርገው ይዩ። ቅሬያችሁ (ዕድራችሁ) የሚያውቃቸው አናጢዎችም ይኖራሉ፤ እኛ ዘንድ ሰው ቤት ሲከድን ቅሬው ይወጣል።

የኩታበሯ (ጠያቂ)፦
ዛሬ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋኖስ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። ከእናቴ መኝታ በላይ ያለው ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር ላብ እንደያዘ ግንባር ረጥቧል፤ በጣቴ ብስበው ውኃው ይወርዳል፣ የምስማር ቀዳዳ በሌለበትም ጭምር። የተቀጠለው ጥግ ግን ደረቅ ነው፤ ሲሚንቶው ሥር የዝገት መስመር ብቻ ይታያል። እናቴ የደፈንነውን ክፍተት ልከፍት መሆኑን ስትሰማ «ብርዱን ልታስገቢብኝ ነው?» ብላ ተቆጥታለች፤ እንዴት እንደማግባባት እያሰብኩ ነው። የጆንያ ኮርኒስ የወጠራችሁ ካላችሁ፣ አይጥ እንዳይገባበት ዳሩን በምን እንደያዛችሁት ብትነግሩኝ።

ከኮምቦልቻ፦
ኢጋውንስ ተዉት ማለት ነው?

ከመርሳ፦
አሁን ነው ያየሁት። ስለ አይጡ፦ ዳሩን በቀጭን ጣውላ ከግድግዳው ጋር አጥብቀን መታነው፣ ከዚያ ጭቃ መረግንበት። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ አልገባም። ጭቃው ግን በጤፍ ጭድ ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይሰንብት፤ ያለዚያ ይሰነጠቃል።